የዋሱ በሬ

የዳንግላ ጋሪ ነጂዎች ያችን ባዝራ ዛሬም ያነሷታል። ኮሶበርም ከምትባለው ከእንጅባራ በኩል ወደ ከተማው ሲገባ፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ዓይን እስከቻለ ድረስ በሚታይበት ቦታ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ሚኒባስ ከኋላዋ መጥቶ ገጫት። ጋሪው ብትንትኑ ወጣ። ባለጋሪው ቦዩ ውስጥ ተወርውሮ በእግዜር ቸርነት ተረፈ። ባዝራይቱ ግን ሁለቱም የኋላ እግሮቿ ተሰብረው አስፋልቱ ላይ ተኝታ ቀረች። ተሳፋሪዎቹ እየተንጋጉ ወርደው በሾፌሩ ላይ ጮኹ። “ከኮሶበር ጀምሮ ቀስ በል፣ ቀስ በል ስንልህ!” እያሉ ኮሌታውን ያዙት። ሾፌሩ አልሸሸም፤ መሪውን እንደጨበጠ ተቀምጦ ባዝራይቱን ያያል። ትራፊኩ ደርሶ ወደ መስኮቱ ጠጋ ሲል የአረቄው ሽታ አፍንጫውን መታው።

ሾፌሩ ሽመክት ይባላል። የቡሬ ልጅ ነው። በረዳትነት ተሳፍሮ መጥቶ፣ ጎማ እየፈታ፣ ሞተር ሥር እየተኛ ለመሪ የበቃ፣ በእንጅባራና በዳንግላ መስመር ስሙ በመልካም የሚነሳ ሰው ነበር። ነፍሰ ጡር ልጇን የምታሳፍር እናት “የሽመክት መኪና እስክትመጣ ጠብቂ” ትላታለች። ያን ቀን ግን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሰሞን ነበር፤ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቋል፣ መኪና ጠፍቷል፣ ሾፌር ሁሉ ያለ እረፍት ይመላለሳል። ሽመክት ከአንድ ወዳጁ ቤት ለምሳ ጎራ አለ። “ለድካም” ብለው አንድ መለኪያ ሰጡት፤ ደገሙት፤ ሠለሱት። ከዚያ ተነሥቶ ሰው ጭኖ ወጣ። በአገው ምድር ፈረስ መግደል ድሮም ቀላል ነገር አይደለም፤ ያውም ፈረሱ ሁሉ ባጌጠበት ሰሞን።

የሚኒባሱ ባለቤት አቶ ዓለምነው የዳንግላ የእህል ነጋዴ ነው። በሽማግሌ ገብቶ የባዝራይቱንና የጋሪውን ካሣ ከፈለ፣ መኪናውን ከፖሊስ አስለቀቀ፣ ሽመክትን በዚያው አሰናበተ። ፍርድ ቤቱ ደግሞ መንጃ ፈቃዱን አግዶ የገንዘብ መቀጮ ፈረደበት። መቀጮው የሽመክት ሚስት የምሥራች በእንጅባራ ገበያ ጉልት ተቀምጣ ዓመት ሙሉ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ብትሸጥ የማታየው ብር ነው። ሽመክት ጊዜ ይሰጠኝ ብሎ ለመነ። ዳኛው እስከ ፋሲካ ማግስት ድረስ ሰጡት፤ “ነገር ግን ዋስ አምጣ” አሉት።

ቡሬ ያሉት ወንድሞቹ ስልኩን አንሥተው ሰሙትና “ታሰር፣ ልብ ትገዛለህ” ብለው ዘጉት። የምሥራች ነጠላዋን አጣፍታ በእግሯ ወደ አባቷ ሄደች።

አባቷ አቶ ክንዴ ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ማዶ ያሉ ገበሬ ናቸው። ስትደርስ ቦራና ዳለቻ የሚባሉትን ሁለት በሬዎቻቸውን ውኃ አጠጥተው እየነዱ ይመለሳሉ። እነዚያ በሬዎች ከጥጃነታቸው ጀምሮ በእጃቸው ያደጉ ናቸው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ አባቷ ከሰው ይልቅ ከበሬዎቹ ጋር የሚያወሩት ይበዛል ይላል ጎረቤቱ። የምሥራች ነገሩን በአዊኛ አስረዳቻቸው፤ አባትና ልጅ ሁልጊዜም የሚነጋገሩት በአዊኛ ነው።

“ምን ያህል ጠጥቶ ነው?” አሉ አባቷ።

“ትንሽ።”

“ትንሽ የጠጣ ሰው ፈረስ ያህል ነገር አያይም?”

 አባቷ በሬዎቹን በረት አስገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ እጃቸውን አራገፉና “ጠዋት እንሄዳለን” አሉ።

ጠዋት ታጥቦ የተቀመጠ ጋቢያቸውን ለብሰው ዳንግላ ወረዱ። የፍርድ ቤቷ ጸሐፊ ምን ንብረት እንዳላቸው ስትጠይቃቸው የመሬታቸውን ደብተር አወጡ።

“መሬት አይሆንም አባቴ። የሚንቀሳቀስ ነገር?”

“ሁለት በሬ አለኝ።”

በሬዎቹ ተጻፉ። አባቷ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ደጅ ሲወጡ ሽመክት ጉልበታቸውን ለመሳም ዝቅ አለ። ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። በዚያ በሚጎረብጥ አማርኛቸው፣ “ልጄ፣ እኔ የፈረምኩት አንተን ነው። በሬዎቹን አይደለም” አሉት። ሽመክት አለቀሰ። የምሥራችም አለቀሰች። በዚያን ሰዓት ለቅሶው እውነት ነበር።

የምሥራች ከዚያ በኋላ አልተኛችም። የእቁብ ዳኛዋ እግር ላይ ወድቃ ተራ አስለወጠች። የአንገት ማርያ ቴሬዛዋን ሸጠች። ጾሙን ሙሉ ከንጋት እስከ ምሽት ጉልት ላይ ሆና፣ ዝናብ ሲመጣ ጆንያ ተከናንባ፣ ብር በብር ላይ እየደራረበች መቀጮውን ሞላችው። በሕማማት ሰኞ ብሩን በጨርቅ ጠቅልላ ለባሏ ሰጠችው።

“አብሬህ ልሂድ?” አለችው።

“ምን ሆኜ? ሕፃን ነኝ እንዴ?”

እውነትም ሕፃን አይደለም ብላ ቀረች። ሲመሽ ትልቅ የስንዴ ዳቦ ይዞ መጣ። “ተገላገልን” አላት። “ደረሰኙስ?” ስትለው “ፋይሉ ላይ ነው የሚያያዘው” አላት። ሕግ የሚያውቅ እሱ ነው፤ ፍርድ ቤት ያየው እሱ ነው። ዳቦው ወተትና እንቁላል የሌለበት የጾም ዳቦ እንደሆነ ጠይቃ እንደነበር ታስታውሳለች። አዎ ሲላት ጾሙን አስቦ ገዛልኝ ብላ በልቧ አመሰገነችው። በዚያ ፋሲካ ከሠርጓ ወዲህ ያልሳቀችውን ሳቅ ሳቀች።

ከፋሲካ በኋላ ሽመክት ሥራ አገኘሁ ብሎ ዳንግላ ከረመ። ጋራዥ ውስጥ ነው፣ መንጃ ፈቃዱ እስኪመለስ ነው፣ አላት። መጀመሪያ በየሁለት ቀኑ ይደውል ነበር፤ ከዚያ በየሳምንቱ፤ ከዚያ ስልኩ ዝግ ሆነ። ኔትወርክ ነው አለች። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ እውነትም ይጠፋ ስለነበር ራሷን ማሳመን አልከበዳትም።

በግንቦት አንድ የገበያ ቀን አባቷ ጉልቷ አጠገብ መጥተው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። በርጩማ ሰጠቻቸው። አልተቀመጡም።

“ሚሊሻው ወረቀት ይዞ መጣ” አሉ። “መቀጮው አልተከፈለም ይላል። ወይ ሰውየውን አቅርብ፣ ካልሆነ በሬዎቹ ይያዛሉ አለኝ።”

“ተከፍሏል እኮ አባዬ! እኔ ራሴ ነኝ የሰጠሁት!”

“እንግዲያስ ወረቀቱ ተሳስቷል” አሉ፤ የልባቸውን ነበር። ልጃቸው የነገረቻቸውን እንጂ መንግሥት የጻፈውን አላመኑም። ይህ ነው የምሥራችን ከሁሉ በላይ ያቃጠላት። ድንቹን ለጎረቤቷ ለውዴ አደራ ሰጥታ፣ በመጀመሪያው መኪና ዳንግላ ወረደች።

ባሏን ያገኘችው ትዕዛዙ የሚባል ወዳጁ መኪና የሚያጥብበት ግቢ ውስጥ ነው። ቦት ጫማ ተጫምቶ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ የሰው መኪና ጎማ ይፈትጋል። ሲያያት ውኃውን ዘጋው። ምን ልትል እንደመጣች ገባው፤ እሷም እንደገባው ገባት።

“ብሩ የት ነው?”

“ለዓለምነው ሰጠሁት።”

“ለማን?”

“ለዓለምነው! የመኪናውን የፊት ገጽ ማሠሪያ ክፈለኝና መልሼ እቀጥርሃለሁ አለኝ። ፈቃዱ እስኪመለስ በረዳትነት፣ ከዚያ መሪህን ትይዛለህ አለኝ። እኔ መኪና ከሌለኝ ምንድን ነኝ የምሥራች? ንገሪኝ እስቲ፣ ምንድን ነኝ?” ድምፁ ተሰበረ። “መቀጮውንማ ከደሞዜ ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ ብዬ ነበር። ሁለት ሳምንት በረዳትነት አሠርቶ መኪናውን ለእህቱ ልጅ ሰጠው።”

“እኔን ግን ዳቦ ገዝተህ አታለልከኝ።”

ሽመክት ጎንበስ ብሎ ጎማውን መፈተጉን ቀጠለ።

“ፍርድ ቤት ሂድና እጅህን ስጥ” አለችው። “ሄደህ የሆነውን ተናገር። የአባቴን በሬዎች ሊወስዱ ነው።”

“አይወስዱም። ማስፈራሪያ ነው። ስንት ሰው መቀጮ ሳይከፍል ፋይሉ አቧራ ለብሶ ቀርቷል። እኔ ብገባ ግን ያስሩኛል። በዚህ መስመር ሁሉ የሚያውቀኝ ሰው እንዴት ብዬ ታስሬ ልታይ? ትንሽ ይታገሱ በያቸው።”

“መሬቱ አይታገሥም ሽመክት። ግንቦት ነው።”

“በያቸው እስቲ” አለና ውኃውን መልሶ ከፈተው።

ከዚያ ወጥታ አቶ ዓለምነው መጋዘን ሄደች። ነጋዴው በቆሎ እያስመዘነ ነበር። አክብሮ ወንበር አቀረበላት። እስክትጨርስ ድረስ በትዕግሥት አዳመጣት።

“የኔ እህት፣ ባልሽ የሰጠኝ ያለበትን ዕዳ ነው” አላት። “መኪናዬ ከነፊቷ ተጨፍልቃለች። የፈረሱን ካሣ እንኳ አልጠየቅሁትም፤ ለነፍሴ ብዬ ትቼለታለሁ። እቀጥርሃለሁ ያልኩትም እውነት ነው፤ ነገር ግን ተሳፋሪው ‘ይሄ ሰካራም ካለ አንሳፈርም’ አለ። ምን ላድርግ?” እውነቱን ይሁን ውሸቱን ፊቱ አያስታውቅም። ስትወጣ አንድ ኩንታል በቆሎ በዱቤ ልስጥሽ አላት። አመስግና ወጣች። ምን እንዳመሰገነች ግን እሷም አታውቅም።

በማግስቱ ዘንገና ማዶ ሄደች። አባቷ ማሳ ላይ ነበሩ። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ በሬ በሚፈታበት ሰዓት እሳቸው ያርሳሉ፤ ቦራ አፉ አረፋ ደፍቋል። በሕይወታቸው በሬ ሲያስጨንቁ አይታቸው አታውቅም። ድንበርተኛቸው ሽባባው ድንበሩ ላይ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል።

“ሦስት ቀን ነው እንዲህ” አላት። “‘ሳይወስዱብኝ የድንቹን መሬት ልጨርስ’ ይላሉ። ወይ በሬዎቹ ይሞታሉ፣ ወይ ራሳቸው።”

የምሥራች ትልሙን ተሻግራ አባቷ አጠገብ ቆመች። ጅራፉን የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

“አባዬ፣ አልከፈለም።”

“ገብቶኛል” አሉ።

“የት እንዳለ ግን አውቃለሁ።”

አባቷ እርፉን ለቀቁና ዞረው አዩዋት። “አትንገሪኝ” አሉ። “ካወቅሁ መዋሸት አልችልም። ሚሊሻው ‘የት ነው?’ ሲለኝ ‘አላውቅም’ ያልኩት እውነት ስለሆነ ነው። እውነት ሆኖ ይቆይልኝ።” ከዚያ በሬዎቹን መቷቸው፤ ቀጠሉ።

የምሥራች ይህን ቃል መንገዱን ሁሉ ስትፈታው ስትቋጥረው መጣች። እኔን አትንገሪኝ ማለት ለሌላ ተናገሪ ማለት ነው? ወይስ ለማንም አትናገሪ ማለት ነው? ኋላ ብዙ ሌሊት የምታሰላስለው ይህንኑ ነው። ያን ጊዜ ግን የሚታያት የቦራ አረፋና የአባቷ እጅ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ዳንግላ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ሳጅን ምህረቴ የሚባል ሽበት የጀመረው ሰው ተቀብሏት ሽመክት ያለበትን ቦታ ጻፈ።

“አንቺ ምኑ ነሽ?”

“ሚስቱ ነኝ።”

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “ተጣልታችሁ ነው? ተጣልታችሁ ከሆነ ነገ ትጸጸቺያለሽ። ብዙ አይቻለሁ።”

“አልተጣላንም።”

“ታዲያ?”

“አባቴ ዋስ ናቸው” አለች።  ሳጅኑ ገባው፤ ስሟ እንደማይነሳ ቃል ገባላት። ልትወጣ ስትል መለስ ብላ፣ “ዛሬ ምሳ አምጥቼለታለሁ። እስኪበላ ጠብቁልኝ” አለችው። ሳጅኑ እስክሪብቶውን መልሶ አነሣና “እሺ” አላት።

ሽመክት ምሳውን ሲያይ ደስ አለው። ታርቃኝ መጣች ብሎ ነው። ሽሮ በእንጀራ ነበር፤ ከላዩ የተጠበሰ ቃሪያ ጣል አድርጋበታለች። በውኃ መቅጃው ባልዲ ላይ ተቀምጦ በላ። ሁለት ጊዜ አጎረሳት። ጎረሰች። እየበላ፣ “ቻግኒ ባጃጅ የሚሰጠኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ እዚያ ትራፊክ አይበዛም። ክረምቱን ሠርቼ የአባትሽን ነገር እጨርሳለሁ” አላት። አሁን ብነግረውስ አለች በልቧ። አሁን በዚያ በጓሮው አጥር ዘለህ ሂድ ብለውስ? አፏን ከፈተች። ቦራ ታያት። አፏን ዘጋች።

ሁለት ፖሊሶች ከበሩ ጥግ ቆመዋል። እጁን ታጥቦ፣ በሱሪው አድርቆ እስኪጨርስ ቆዩ። ከዚያ ገብተው ስሙን ጠሩት። ሽመክት ትዕዛዙን አየ፣ አጣቢዎቹን አየ፣ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ አየ፤ “ማን ነው የጠቆመኝ?” አለ። እሷን ግን አላያትም፤ አልጠረጠራትም። ሲወስዱት ዞሮ፣ “የምሥሬ፣ አይዞሽ፣ ብዙ አልቆይም” አላት።

ፍርድ ቤቱ መቀጮውን ወደ እስራት ለወጠው። ገንዘቡ ከተከፈለ ይፈታል፤ ካልተከፈለ ክረምቱን እዚያው ይከርማል ተባለ። ዋሱ ነፃ ወጡ። በሬዎቹም ከወረቀቱ ላይ ተሰረዙ።

የምሥራች ይህን ለመንገር ወደ አባቷ ስትሮጥ፣ ወሬው ቀድሟት ነበር። በሰንበቴው ላይ አንድ ሰው ጠላውን እንደያዘ “ክንዴ አማቹን አስሮ በሬውን አስፈታ” ብሎ ስቋል። ሌሎቹም ስቀዋል። አባቷ ጽዋቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ነው የመጡት። መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው አገኘቻቸው።

“አንቺ ነሽ?” አሏት።

የምሥራች ከጎናቸው መደቡ ላይ ተቀመጠች።

“አንቺ ነሽ ወይ ነው የምልሽ?”

“ለእርስዎ ብዬ ነው አባዬ። እንዳይሞቱብኝ ብዬ ነው።”

“እኔ አድርጊ ብዬሻለሁ?”

“አላሉም።”

“ቤቴ የበላ፣ ጉልበቴን የሳመ ሰው ነው” አሉ። “ሰው ለሰው ዋስ የሚሆነው እኮ ሊከፍል ነው። ላለመክፈልማ ማን ዋስ ይሆናል?”  

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቦራን ወደ እንጅባራ ነዱት። ጉልት ላይ ተቀምጣ ሲያልፉ አየቻቸው። ሮጣ ከፊታቸው ቆመች፤ “አባዬ፣ ዋስትናው ወርዷል እኮ! በሬው ነፃ ወጥቷል እኮ! ምን እያደረጉ ነው?” አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማት። አባቷ በሬውን በዱላቸው ጫፍ ነካ አድርገው በጎኗ አልፈው ሄዱ። ከዳሞት በኩል የመጣ ነጋዴ ገዛው። በግንቦት መጨረሻ፣ ሁሉም ሲያርስ በሬ የሚሸጥ ሰው ቸገረው ማለት ነውና፣ ነጋዴው እንደ ችግረኛ ገበያ ቆርጦ ነው የገዛው። ለመቀጮው ግን በቃ።

ሽመክት የሚፈታ ዕለት የምሥራች ንጹሕ ሸሚዝና ሱሪ ይዛ ከማረሚያ ቤቱ በር ደረሰች። አባቷ ቀድመዋት ቆመው ነበር። ሰላምታዋን በራሳቸው ብቻ መለሱላት። ሽመክት ጠቁሮና ከስቶ ወጣ። መጀመሪያ የአቶ ክንዴ ጉልበት ላይ ወደቀ። “በሬዎን ሸጠው! ለእኔ ለማይረባው! በሬዎን ሸጠው!” እያለ አነባ።

አባቷ አነሡት። ከዚያ ወደ የምሥራች ዞሩ፤ አፋቸውን የከፈቱት በአማርኛ ነበር። ከተወለደች ጀምሮ በአማርኛ አናግረዋት አያውቁም። ያን ዕለት ግን ሽመክት እንዲሰማ፣ ዘበኛው እንዲሰማ፣ ቃል በቃል እየመረጡ በአማርኛ ተናገሯት።

“ልጄ፣ ይሄ ሰው በኔ እንዳያዝን። እኔ አልጠቆምኩም። እኔ አልላክሁሽም። ያንቺ ሥራ ነው፤ አንቺ ንገሪው።”

ሽመክት የሚስቱን ፊት አየ። ቀስ እያለ ነው የገባው። መጀመሪያ ፈገግ ሊል ሞከረ፣ እንደ ቀልድ። ከዚያ ዓይኑ ፈዘዘ።

“ለካ!” አለ። “እጄን እስክታጠብ ጠበቁኝ። ለእስረኛው ሁሉ ሳወራው ነው የከረምኩት። ‘ፖሊስ እንዲህ ይታገሣል ወይ፣ ጨዋዎች ናቸው፣ ምሳዬን እስክጨርስ ጠበቁኝ’ እያልኩ።” ሳቀ። “ጎርሰሽ ነበር እኮ። በእጄ ጎርሰሽ ነበር።”

“ሽመክት፣ ብሩን ሰጥቼህ ነበር” አለች። “እኔ ሰጥቼህ ነበር።”

“አዎ” አለ። “ሰጥተሽኝ ነበር።” ከዚያ በላይ አልተጣላትም። ሸሚዙንና ሱሪውን እጇ ላይ ትቶ፣ የአባቷን ጉልበት ደግሞ ስሞ፣ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ቤት አልመጣም። ልብሱን ለማስመጣት ሽማግሌ ላከ እንጂ ለፍቺ እንኳ ራሱ አልመጣም።

ክረምቱ በጣም ዘነበ። አባቷ በአንድ በሬ ቀሩ። ሰው ሁሉ የራሱን አርሶ ሲጨርስ ሽባባው በሬውን አቀናጅቷቸው የገብሱን መሬት ዘግይተው ዘሩት፤ የዘገየ ገብስ ደግሞ ውርጭ ያገኘዋል። የምሥራች አራሚ ቀጥራ ላከች፤ አባቷ ሠራተኛውን አብልተው መለሱት። ብር ላከች፤ ተመለሰ። ራሷ ሄዳ ስታርም ዋለች፤ እሱን አልከለከሏትም። በአንድ ማሳ ላይ አባትና ልጅ ጎን ለጎን አጎንብሰው ይውላሉ። ውኃ ሲጠማት ቅሉን ያቀብሏታል። “እግዜር ይስጥልኝ” ስትል “አሜን” ይላሉ። ከዚያ ያለፈ የለም።

ጉልት ላይም ቢሆን ነገሩ አልበረደም። ደንበኛ ሲከራከራት፣ “ባሏን የሸጠች ድንች ትቀንስልኛለች ብዬ!” የምትል አትጠፋም። ውዴ አንድ ቀን ተናድዳ፣ “ምን አባታቸው ያውቃሉ? እነሱ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? አንቺስ ዛሬ ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር?” አለቻት። የምሥራች ሚዛኑ ላይ ያለውን ድንች ጨመረች፣ ቀነሰች። “አላውቅም” አለች። “ብናገር አባቴን ይዤ ባሌን አጣለሁ ብዬ ነበር። ዝም ብል ባሌን ይዤ አባቴን አጣለሁ ብዬ ነበር። ሁለቱንም አጣለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።”

በኅዳር ነጭ ሽንኩርት ለመግዛት ዳንግላ ወረደች። ሸምታ ስትጨርስ ጆንያዋን በተሸካሚ አስይዛ መናኸሪያ ገባች። ከሩቅ ድምፁን ሰማችው። “ኮሶበር! ኮሶበር! የሞላ! አንድ ሰው የቀረው!” ሽመክት ነው። የቻግኒው ባጃጅ አልሆነለትም፤ ያለ ፈቃድ ማን ይሰጠዋል? ተመልሶ መጥቶ ለሌሎች ሾፌሮች ሰው ይጠራል። ኮቱ ክርኑ ላይ ተቀዷል። ገና ጠዋት ነው፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል።

ልትመለስ አሰበች። ተሸካሚው ግን ጆንያውን እሱ እግር ሥር ጣለው።

ሽመክት ቀና ሲል ተያዩ።  ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ትከሻው ላይ አወጣ፣ በመሰላሉ ወጥቶ ጣሪያው ላይ አጋደመው፣ በገመድ ጥሩ አድርጎ አሰረው። ዝናብ ቢመጣ እንዳይበሰብስ በሸራ ሸፈነው። ወርዶ እጁን ዘረጋ።

“የጆንያ ሂሳብ፣ እህቴ።”

ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው። መልሱን ቆጥሮ መለሰላት። እጃቸው አልተነካካም። ወደ ውስጥ ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። አጠገቧ ያሉት ሴትዮ ጠጋ አሉላት። ሽመክት በሩን ስቦ ዘጋው፣ የመኪናውን ጎን ሁለቴ በመዳፉ መታውና “ሳበው!” ብሎ ጮኸ። መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ እሱም ዞሮ የሚቀጥለውን ተሳፋሪ መጥራት ጀመረ።